«ሙከራ ላይ ነሽ»፦ ስድስት ቀን ሠርታ ባለዕዳ ሆና የወጣች አስተናጋጅ ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ቀን ነበር። ሃምሳ አምስቱን ቀን በበያይነቱና በሽሮ ሲገፋ የከረመ ምግብ ቤት በዚያ ሰሞን ነፍስ ይዘራል። ጥብሱ፣ ዱለቱ፣ ቁርጡ ይመለሳል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ሠርጉ ይደራረባል፤ ከሠርግ ቤት የወጣው እንግዳ ደግሞ መጨረሻው እኛ ጋ ነው። ያኔ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ምግብ ቤት የአስተናጋጆች ኃላፊ ነበርኩ። በሙያው «ካፒቴን» ይባላል፤ ልጆቹ ግን ጋሼ ነበር የሚሉኝ። ከዚህ በታች የምተርከው በዚያ ሰሞን ሥራ ፍለጋ መጥታ፣ ስድስት ቀን ሠርታ፣ ባለዕዳ ሆና ስለወጣች ልጅ ነው። የእርሷንም የቤቱንም ስም አልጠራም። የራሴን ድርሻ ግን አልሸፍንም፤ ጉዳዩን በደንብ የማውቀው በእጄ ስላለፈ ነው።

ማስታወቂያው በር ላይ የተለጠፈ የእጅ ጽሑፍ ነበር፦ «አስተናጋጅ እንፈልጋለን። ጾታ ሴት። ደመወዝ በስምምነት።» ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ በአገራችን ስለሌለ «በስምምነት» ማለት ሥራ አስኪያጁ የጠራው ቁጥር ማለት ነው። ሥራ ፈላጊው ወይ ይስማማል ወይ ወደ ሚቀጥለው በር ያልፋል።

ልጅቷ የመጣችው ማክሰኞ ሚያዝያ 10 ቀን ነው። ከኮተቤ፣ ከአክስቷ ቤት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንድትገኝ በስልክ ተነግሯት ነበርና 3 ሰዓት ሳይሞላ ደርሳለች። ሥራ አስኪያጁ የመጣው 5 ሰዓት ላይ ነው። አልፏት ገባ። እስከ 8 ሰዓት ድረስ ባዶ የቢራ ሳጥን በተደረደረበት ኮሪደር ቆማ ጠበቀች፤ ወንበር ያቀረበላት የለም፣ እኔም ጭምር። በዚያ ኮሪደር ሁለት ጊዜ ትሪ ይዤ ሳልፍ ጥግ ይዛ መንገድ ስትለቅልኝ ትዝ ይለኛል።

ሲያስጠራት ምሳውን እየበላ ነበር። ትሪዬን ይዤ ከጎኑ ስለቆምኩ ሁሉንም ሰማሁ። ወረቀቷን ተቀበላት፤ በሆቴል መስተንግዶ የሠለጠነችበት የቴክኒክና ሙያ ማስረጃ ነው፣ ዋናው፣ በፕላስቲክ ያልተለበጠ። አላነበበውም። ጠረጴዛው ላይ አኖረና የአዋዜውን ሳህን ከላዩ አስቀመጠበት።

«ቀና በይ እስቲ። ዙሪ።»

ዞረች።

«ያለሽ ጫማ ይህ ብቻ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጋሼ ምንድን ነው? እዚህ የመጣሽው ለሥራ ነው ወይስ ለዘመድ ጥየቃ?»

ከዚያ ተያዥ እንዳላት ጠየቃት። በሙያችን ተያዥ የሌለው ሰው አይቀጠርም፤ ተያዡም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ደመወዝተኛ መሆን አለበት። አክስቷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ደብዳቤ የሚጽፍላት መሥሪያ ቤት የላትም። «እንግዲያው ተያዥ እስክታመጪ ዋናው ወረቀት እዚህ ይቆያል» አላት። ቀጥሎ ነው ነገሩን ሁሉ የምታዞረው ዓረፍተ ነገር የመጣችው፦ «ደመወዝሽ 2,500 ነው፤ መጀመሪያ ግን ሙከራ ላይ ነሽ።»

«ለስንት ቀን ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እስክንተዋወቅ።»

ሽርጥ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሐሙስ ትጀምሪያለሽ ያልኳትም እኔ ነኝ።

ስለ ሰውየው አንድ ነገር ልበል፣ አለዚያ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። እርሱም ከትሪ ተነሥቶ ነው እዚያ የደረሰው። የቤቱ ባለቤት የደመወዝ ጣሪያ ቆርጦለታል፤ ሥጋና ዘይት በየሳምንቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ስድስት አስተናጋጅ የሚሸፍነው አዳራሽ ዘጠኝ ይፈልጋል። ሦስቱን ሰው ያለ ገንዘብ ከየት ያምጣ? መልሱን ያገኘው በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። እኔ ራሴ ወደ ሙያው ስገባ ሦስት ሳምንት በነጻ አገልግያለሁ፤ «ሥራ መልመጃ» ይሉት ነበር። እኔ ላይ የሆነው ሌላው ላይ ሲሆን ስላልደነገጥኩ ለዓመታት ዝም አልኩ። ይህን ያስተዋልኩት የመገኛ መዝገቤን ወደ ኋላ ስገልጥ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ «ሙከራ» ብዬ የመዘገብኳቸው ዘጠኝ ሴቶችና ሁለት ወንዶች ናቸው። የተቀጠረችው አንዲት ብቻ ናት። የገቡበት ቀን ሐሙስ ወይም ዓርብ፤ የተሰናበቱበት ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ። ሰው የሚፈተንበት ቤት ቢሆን ፈተናው ጭር ባለ ማክሰኞም ይጀምር ነበር።

አሁን ወደ ስድስቱ ቀናት። ሐሙስ ሚያዝያ 12 ጀመረች። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገብታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ትወጣለች። ምሳዋን ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ነው የምትበላው። በማግሥቱ ዓርብ ኢድ አል ፈጥር ነበር፤ አገር በዓል ላይ ነው፣ እኛ ጋ ግን ወንበር ጠፍቷል። ቅዳሜም እንዲሁ፤ እሑድ ዳግማይ ትንሣኤና ሠርግ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ወደ ኮተቤ ታክሲ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ሁለት ሌሊት ከመገናኛ በእግሯ እንደሄደች የሰማሁት በኋላ ነው። ቋሚዎቹን ልጆች ወደየሰፈራቸው የምታደርስ መኪና ነበረችን፤ «ሙከራ» ላይ ያለ ሰው ግን አይሳፈርባትም። ለምን? ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለማ።

ይህ ዝርዝር ውስጥ አለመኖር ሌላም ነገር አመጣ። በእኛ ቤት አስተናጋጅ ትዕዛዝ ሲቀበል ቦኖ ይቆርጣል፤ አንዱ ቅጠል ለማድ ቤት፣ አንዱ ለሒሳብ ተቀባይዋ፣ ቀሪው በደብተሩ ላይ። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የአስተናጋጁ መለያ ቁጥር ይጻፋል። ልጅቷ ያልተቀጠረች ስለሆነች ቁጥር የላትም። ያለ ቁጥር ደግሞ ማድ ቤቱ ሳህን አያወጣም። ሥራ አስኪያጁ መላ መታ፦ «ሰባት ቁጥር» የምንላት ቋሚ አስተናጋጅ የእኅቷን ሠርግ ብላ የአሥር ቀን ፈቃድ ወስዳለችና በእርሷ ቁጥር ትሥራ። እንዲህ ሆነና ስድስት ቀን ሙሉ «7» እያለች ጻፈች። ሰባቷን እንደ ፈረንጅ መሐሏን በሰረዝ ትቆርጣታለች። ሰባት ቁጥር ራሷ ግን ሰረዝ የላትም፤ ቀጥ ያለች ሰባት ነው የምትጽፈው። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ማክሰኞ ሚያዝያ 17 ማታ ከበረንዳው ጠረጴዛ አራት ሰዎች ሳይከፍሉ ሄዱ። ግማሽ ኪሎ ጥብስ 480 ብር፣ ስድስት ቢራ 360 ብር፣ በድምሩ 840 ብር። ልጅቷ ያን ሰዓት ማድ ቤት መስኮት ላይ ነበረች፤ እዚያ የላክኋት እኔ ነኝ፣ የሌላ ጠረጴዛ ክትፎ ስለዘገየ። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «አንተ ትከፍላለህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለመጻፍ የከበደኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ረቡዕ ጠዋት አስጠራት። ስድስቱን ቀን የሰበሰበችው ጉርሻ በሒሳብ ተቀባይዋ ሳጥን በስሟ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር፤ 610 ብር። «ይህ ለጠፋው ሒሳብ ይያዛል፤ የቀረው 230 ብር ነው። ስታመጪ ወረቀትሽን ትወስጃለሽ። ሥራው ደግሞ አልሆነልሽም፤ እጅሽ ቀርፋፋ ነው» አላት። ደመወዝ አልተነሣም። ልጅቷ ስለ ደመወዝ ስትጠይቅ እንዲህ አላት፦ «ሙከራ ነበርሽ እኮ። ማን ቀጠረሽ?»

ሽርጡን አጥፋ በእጄ ሰጠችኝ። ታጥቦ ነበር። ማክሰኞ ማታ ስትወጣ ይዛው ሄዳ፣ ሌሊት አጥባ፣ በጠዋት አምጥታዋለች። ረቡዕም የምትሠራ መስሏት።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ባበቃ ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ተሰናባቾች። ያላበቃው በሰባት ቁጥር ምክንያት ነው። ከፈቃድ ተመልሳ በወሩ መጨረሻ ደመወዟን ስትቀበል 840 ብር ተቆርጦባታል። «ሚያዝያ 17፣ ያልተከፈለ ሒሳብ» ይላል ወረቀቱ። እርሷ ያን ቀን ደሴ ነበረች! እየጮኸች ወደ እኔ መጣች፤ የቦኖ ደብተሩን አውጥተን አየን። ቁጥሩ 7 ነው። መሐሉ ተሰርዟል። «ጋሼ፣ ይህ የማን እጅ ነው?» አለችኝ።

ስለዚህ አንድ ያልተከፈለ የ840 ብር ሒሳብ ከአንዷ 610፣ ከሌላዋ 840 ብር አስገኘ። ቤቱ ከኪሳራው 610 ብር አተረፈ ማለት ነው። 230ው ቢጨመር ልክ እጥፍ ይሆን ነበር። ይህ ታስቦበት ነው ወይስ በግዴለሽነት የሚለውን ዛሬም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፤ የደመወዝ ወረቀቱን የሚሠራው ሒሳብ ሠራተኛ ቁጥሩን እንጂ ሰዉን አያውቅም። ለእኔ የሚከብደኝ ግን ሁለቱም ሴቶች ላይ ያረፈው ብትር ከአንድ ቦታ መነሣቱ ነው፦ የምትሠራ ሴት እንዳልነበረች መቆጠሯ።

በዚያ ሳምንት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገዝቼ አነበብኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ የቀረበበትን ሙያ የሚገዛ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበቤ ነው። አንቀጽ 11 ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ እንደገና አጠለቅሁ። ሕጉም «ሙከራ» ይላል፤ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። በሕጉ የሙከራ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ብቃቱ የሚታይበት ጊዜ ነው፤ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በፊት በነበረው አዋጅ 45 ቀን ነበር። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሙከራውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው። ደመወዙም ከመጀመሪያዋ ሰዓት ይቆጠራል። አሠሪው ብቁ አይደለህም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፤ የሠራበትን ግን አይነፍገውም። በቃል ብቻ «ሙከራ ላይ ነሽ» ማለት እንግዲህ በሕግ ዓይን ሙከራ እንኳን አይደለም። ልጅቷ ከሐሙስ ረፋድ 5 ሰዓት ጀምሮ ተራ፣ ሙሉ ሠራተኛ ነበረች። ውሉም በጽሑፍ ስላልሆነ ቀረ አይባልም፤ የሥራ ውል ለመኖሩ ልዩ ፎርም አያስፈልገውም። ጽሑፍ ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ የመስጠት ግዴታ ያለበት እርሱ ነው። የሰው ትምህርት ማስረጃ ይዞ ስለ ማስቀረት ግን አንዲት ፈቃድ አላገኘሁም።

የደመወዝ ቅነሳውን ደግሞ አንቀጽ 59 ይዞታል፦ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም፤ ቢቆረጥም ከወሩ ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የሰባት ቁጥር ደመወዝም 2,500 ነው፤ ሲሶው 833 ብር ከ33 ሳንቲም። 840 ቆርጠውባታል። በስድስት ብር ከምናምን እንኳን ሕጉን መዝለላቸው አሳቀኝ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

ማታውን ከልጅቷ ጋር ስልክ ተደዋውለን ሒሳቡን በሽሮ መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ሠራነው። 2,500 ብር ለ26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 12 ብር ከ2 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። 8 ሰዓቷ የሚያልቀው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75 ይባዛል። የተራው ቀን ሒሳብ 171 ብር ሆነ። ኢድ የሕዝብ በዓል ስለሆነ መደበኛው ሰዓት እጥፍ፣ ትርፉ በሁለት ተኩል፤ ያ ቀን ብቻውን 312 ብር። ስድስቱ ቀን ሲደመር ወደ 1,169 ብር ይጠጋል። ይህ እንግዲህ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 መብለጥ እንደሌለበት፣ እርሷ ግን 24 እንደሠራች ሳናነሣ ነው። የተያዘው ጉርሻ 610 ሲጨመርበት 1,779 ብር። ከማዶ ዝም አለች። ቀጥላ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ 230 ብር እየተበደርኩ ነበር» አለችኝ።

ወደ ወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። የጉዳዩ ደካማ ጎን ግልጽ ነበር፦ ስሟ የትም የለም። ያዳናት ያው ሊሰውራት የተሰጣት ቁጥር ነው። የሰባት ቁጥር የፈቃድ ወረቀት ከሚያዝያ 11 እስከ 20 ይላል፤ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለበት። በእነዚያው ቀናት ውስጥ ደግሞ በ7 ቁጥር የተቆረጡ የቦኖ ቅጠሎች አሉ፣ መሐላቸው የተሰረዘ። ባለሙያዋ ልጅቷን ባዶ ወረቀት ሰጥታ፣ «እስቲ ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጠሪልኝ፣ በጽሑፍ» አለቻት። ልጅቷ ጻፈች። ሴትየዋ ሰባቷን አይታ ፈገግ አለችና ስልኩን አነሣች። የደወለችው ለሥራ አስኪያጁ አልነበረም፤ ለባለቤቱ ነው።

ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። መጀመሪያ የእኔን ፊት አየ፣ ከዚያ ቦኖዎቹን። ብዙ አልተከራከረም። ለልጅቷ 1,200 ብርና ወረቀቷን፣ ለሰባት ቁጥር ደግሞ የተቆረጠባትን 840 መለሰ። ልጅቷ ፈርማ ተቀበለች። እኔ እስከ ሥራ ክርክር ችሎት ብትዘልቅ ደስ ባለኝ፤ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ከቀረበ ጊዜ ነበራት፣ ሠራተኛ ለእንዲህ ያለ ክስ የዳኝነት አይከፍልም። ግን በቀጠሮ ቀን ከአዲስ ሥራ የምትቀረው እርሷ ናት፣ የታክሲውን የምትከፍለውም እርሷ ናት። 579 ብሩን ተወችው። በሰው ገንዘብ ጀግና መሆን ቀላል ስለሆነ አፌን ያዝኩ።

ሥራ አስኪያጁ ቦታው ላይ ነው። እኔ በሰኔ ወጣሁ፤ ማንም ውጣ አላለኝም፣ ቆይም ያለኝ የለም። በሐምሌ ባለፍኩ ጊዜ በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «በስምምነት» የምትለዋ አልተነካችም።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ ወረቀቷን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ሌላ ሦስት ቦታ አስገባች። የአዋዜው ሳህን ቂጥ የተወው ክብ ዋናው ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ ኮፒው ላይ ግን ጥቁር ሆኖ፣ ከተቋሙ ማኅተም ጎን፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። ዛሬ የምትሠራበት ሆቴል የሰው ኃይል ክፍል ስትገባ ጸሐፊዋ በጣቷ እየጠቆመች ጠየቀቻት፦

«ይህኛው ማኅተም የየት ነው?»